ከኮዬ ፈጬ ሆኖ ራይድ መጀመር፦ ከመሪው በኩል የተፃፈ ሪቪው

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ራይድ የሚፃፈው ሪቪው አብዛኛው ከኋላ ወንበር የተፃፈ ነው፣ ሹፌሩ ዘገየ፣ ሂሳቡ በዛ፣ መስኮት አላወርድ አለ ምናምን። ይሄኛው ከመሪው በኩል ነው። ቤቴ አዲስ አበባ ዳር ያለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስራውንም የጀመርኩት ከዛው ሰፈር ነው፣ እና ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጣፎ ያላችሁ ልጆች ልጀምር እንዴ እያላችሁ ምትጠይቁኝን አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የምሰራበትን ድርጅት ስም አልጠራም፣ ቅሬታ ስላለኝ ነው፣ ደግሞ ሌሎቹ ጋ ሚሰሩ ጓደኞቼ ሚነግሩኝም ከኔ ብዙ አይለይም።

ለቸኮለ ሰው፦ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። የቀነስኩት ሁለቱም ኮከብ በአንድ ምክንያት ነው፣ አፑ የተሰራው ቦሌንና ካዛንቺስን እያሰበ ነው፣ አገልግሎቱ በጣም ሚያስፈልገው ሰው ግን ያለው እኛ ጋ ዳር ላይ ነው።

እንዴት እንደሚሰራ ለማያውቅ ልንገር። እኛ ሰፈር ራይድ ጥራልኝ ሲባል የየትኛውም ድርጅት ይሁን ችግር የለውም፣ ዋናው መኪናው መምጣቱ ነው። ተሳፋሪው በአፕ ያዛል ወይ ደግሞ አጭር ቁጥር ላይ ይደውላል (ራይድ 8294፣ ፈረስ 6090)፣ ኦፕሬተሯ ቅርብ ላለው ሹፌር ትልካለች። ይሄ የመደወሉ ነገር ለዳር ሰፈር ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ እናቶችና አባቶች የያዙት በተን ስልክ ነው፣ ዳታ የላቸውም፣ ግን ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። ራይድን የመሰረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሃሳቡ የመጣላት አምሽታ ከስራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መስማማት እየከበዳት እንደሆነ ተናግራለች፣ እኔም ማታ 3 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ቆማ ሚኒባስ ያጣች ልጅ ስጭን ሁሌ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል፣ ምክንያቱም ድሮ እዛ ሰዓት ላይ ያለው አማራጭ ኮንትራት ነበር፣ ኮንትራት ደግሞ ሰውየው ፊትሽን አይቶ የጠራው ዋጋ ነው።

ሂሳቡ መነሻ አለው፣ ከዛ ኪሎ ሜትሩና ጊዜው ይደመራል፣ ማታ ታሪፉ ከፍ ይላል። ሹፌሩ ቀድሞ አካውንቱ ላይ ብር ይሞላል፣ ከያንዳንዱ ትሪፕ ኮሚሽን ከዛ ላይ ይቆረጣል፣ የሞላኸው ሲያልቅ ጥሪ መምጣት ያቆማል። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ባላንሳችሁን እዩ፣ በተለይ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ካላችሁ።

ለመመዝገብ ሚጠይቁት መንጃ ፍቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መኪናው ያንተ ካልሆነ ደግሞ የባለቤቱን ውክልና ነው። ታርጋ ላይ ተጠንቀቁ። ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፣ በ2012 ዓ.ም. በኮድ 2 በመስራት ላይ ስንት ውዝግብ እንደተነሳ ሚያስታውስ ያስታውሳል፣ ሲሆን በኮድ 3 (የንግድ) ወይ በኮድ 1 (የታክሲ) ግቡ፣ ትራፊክ ባስቆማችሁ ቁጥር ልባችሁ እየደነገጠ ሚሰራ ስራ ስራ አይደለም።

መኪናውን በተመለከተ እኔ ምይዘው የአጎቴን ቪትዝ ነው። በሳምንት ገቢ አስገባለታለሁ፣ ነዳጅና ኮሚሽን ከኔ፣ ትልልቅ ጥገና ከሱ፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ጎሚስታ ከኔ። ይሄን ከመጀመራችሁ በፊት ከባለ መኪናው ጋ በፅሁፍ ተስማሙ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ዘመድ ከሆነማ ይበልጥ። ምክንያቱም የዳር ሰፈር መንገድ ከአስፓልቱ ሲወጣ ፒስታ ነው ወይ የተነሳ ኮብልስቶን ነው፣ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ አሞርዛተር ቶሎ ይሄዳል፣ ጎማም እንደዛው። መሃል ከተማ ሚሰራ ሹፌር ከአመት አንዴ ሚያወጣውን ወጪ እኛ ሁለቴ ሶስቴ ልናወጣ እንችላለን። ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ መኪና ገዝቼ ልጀምር ለምትሉ ሰዎች ያለው ኤሌክትሪክ ነው፣ ነዳጅ ወረፋ የለበትም፣ ሰፈሬ ልጆች የያዙት አሉ በጣም ደስተኛ ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን ቻርጁን አስቡበት፣ ከሶስተኛ ፎቅ በረንዳ ገመድ አውርዶ ሚሰካ ሰው አለ፣ ዝናብ ላይ ሳየው በጣም ነው ሚያስፈራኝ። ግራውንድ ሚኖር ሰው እድለኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ባዶ መመለስ። ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ዳር ሰፈር ሚኖር ሹፌርን ሚያከስረውም ሚያኖረውም ይሄ ነው።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከኮዬ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ስታዲየም፣ ወደ ቦሌ ጥሪው ይዘንባል፣ ስልክህ አያርፍም። ትጭናለህ፣ በቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ሳሪስ ዝጉን እየታገልክ ትገባለህ፣ ወይ በጎሮ በኩል ትዞራለህ፣ ታወርዳለህ፣ ጥሩ ብር ነው። ከዛስ? በዛ ሰዓት ከሜክሲኮ ወደ ኮዬ ሚሄድ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ወደ ከተማ እየገባ አንተ ወደ ውጪ የሚሄድ ሰው ትፈልጋለህ። ባዶህን ብትመለስ መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልሱ ከ40 በላይ፣ ቪትዝ በከተማ ዝግ በ1 ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄደች እንበል ከ3 ሊትር በላይ ቤንዚን ነው፣ ቤንዚን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ውስጥ ብቻ ከ100 ብር በታች ተነስቶ ከ120 ብር በላይ ገብቷል፣ በሉ እናንተው ደምሩት፣ በዛ ዋጋ እንኳ 400 ብር አካባቢ ለነዳጅ ብቻ ሄዶ ተሳፋሪው የከፈለው ግን የአንዱን መንገድ ብቻ ነው። ኮሚሽኑም የባለ መኪናው ገቢም ገና አልተነሳም።

ሹፌሮች ዳር ሰፈር ሲባሉ ካንስል ሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። አልደግፈውም፣ የኔ እህት ከስራ ስትወጣ ሶስት ሹፌር ካንስል አድርጓት ዝናብ ላይ ቆማ ታውቃለች፣ ግን ሹፌሩ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሂሳቡ ስለማይወጣለት ነው። ከባሰም ደውሎ ስንት ትጨምሪያለሽ ሚል አለ፣ ይሄኛው ግን ጭራሽ ልክ አይደለም፣ ሰው ከድሮው ኮንትራት ሸሽቶ ነው ወደ አፕ የመጣው።

እኔን የሰራልኝ ዘዴ ይሄ ነው። ጠዋት አንድ ትሪፕ ብቻ ወደ ከተማ፣ ካወረድኩ በኋላ መሃል ከተማ አልንከራተትም፣ ባለኝ አቅጣጫ ወደ ሳሪስና ቃሊቲ እየተጠጋሁ አጫጭር ጥሪ እቀበላለሁ፣ በ4 ሰዓት አካባቢ ሰፈሬ ቅርብ ነኝ። ከዛ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ዳሩ ውስጥ ነው ምሰራው። ይሄን ብዙ ሹፌር አያምንም። ዳር ላይ ቀን ስራ የለም ይላሉ፣ አለ! ከኮዬ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከቱሉ ዲምቱ ቂሊንጦ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሶስት አራት ሆነው እያዋጡ፣ ከገበያ ሽንኩርትና ዘይት የጫኑ እናቶች፣ ቤት ሊያዩ የመጡ ተከራዮች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት። ትሪፑ ትንሽ ነው ብሩም ትንሽ ነው፣ ግን ባዶ ምትሄደው መንገድም ትንሽ ነው፣ ማታ ላይ ሲደመር ሙሉ ቀን ቦሌ ከዋለው ጓደኛዬ ጋ ያለን ልዩነት እዚህ ግባ ሚባል አይደለም፣ እኔ ደግሞ ምሳዬን ቤቴ በልቻለሁ። በ10 ሰዓት ተኩል አንድ ሰው ወደ መሃል ከተገኘ ይዤ እገባለሁ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ ከተማው በሙሉ ወደ ዳር ስለሚወጣ ተመልሼ ምመጣው ሰው ጭኜ ነው።

አፑ ግን ለዚህ አይረዳህም። ለምሳሌ ወደ ሰፈሬ ነኝ፣ በዛ አቅጣጫ ያለ ሰው ካለ ስጠኝ ምትልበት ነገር ምሰራበት አፕ ላይ የለም። ተሳፋሪው ጋ ለመድረስ ምትነዳውም አይከፈልም። መሃል ከተማ ያ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ችግር የለውም፣ እኛ ጋ ግን ኮዬ ቆሜ ከገላን ጥሪ ይመጣል፣ ቅርብ ነህ ይለኛል፣ በካርታ ቀጥታ ስለሚለካው ነው መሰለኝ፣ በመኪና ግን ዞሮ ነው ሚደረሰው። ስደርስ ተሳፋሪው ሚሄደው ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለዳር ሰፈር የመድረሻ ክፍያ ትንሽም ቢሆን ቢጨመር ካንስል ሚያደርገው ሹፌር በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ፣ ተሳፋሪዎችንም ጠይቄያለሁ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ መኪና እንደሚመጣልኝ እርግጠኛ ከሆንኩ ትንሽ ብጨምር ግድ የለኝም ነው ያሉኝ ብዙዎቹ።

ሁለተኛው ሎኬሽን ነው። ኮዬን ያየ ሰው ያውቃል፣ ብሎኮቹ መንታ ናቸው፣ ቀለሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ። ካርታው ላይ ፒኑ መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ ሰውዬው ያለው ግን ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ስምንተኛው ብሎክ ጀርባ። እንደዚህ ነው ምናወራው፦

"ሄሎ፣ የራይድ ሹፌር ነኝ፣ የት ጋ ነሽ?"
"ቤት ነኝ።"
"ብሎክ ስንት?"
"ኧረ በቅርብ ነው የገባነው ብሎኩን አላውቀውም፣ ከታች ሱቅ አለ።"
"ሁሉም ስር ሱቅ አለ እኮ የኔ እህት፣ ምን ይታይሻል?"
"ሌላ ብሎክ።"

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ያላትን ነው የነገረችኝ። በዚህ መሃል ደቂቃው ይሄዳል፣ ካርዱ ያልቃል፣ ሌላ ሹፌር ቢሆን ጥሎ ይሄዳል። እኔ አሁን ብሎኮቹን በራሴ ደብተር ፅፌ ይዣለሁ፣ ከየትኛው መታጠፊያ እስከየትኛው ቁጥር እንዳለ፣ በየት በኩል መኪና እንደሚገባና የቱ ጋ የውሃ መስመር ተቆፍሮ እንደተዘጋ። እኛ ሰፈር ያሉ ሹፌሮችም እንደዚሁ ናቸው፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለን እዛ ላይ እንጠያየቃለን። ድርጅቱ ይሄን ከሹፌሮቹ ወስዶ አፑ ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ስንት ሰው በተገላገለ።

ስለ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ልፃፍ፣ ከሶስቱ ኮከብ ሁለቱን ያገኘው በነሱ ነው።

ጠዋት ምጭናቸው ተጋርተው ሚሄዱ ናቸው፣ አራት ሆነው አንድ መስሪያ ቤት ሚሰሩ ወይ ጎረቤታሞች፣ ሂሳቡን ለአራት ሲካፈሉት ከሚኒባስ ግፊያ ይሻላል ብለው ነው። አብዛኞቹ እንቅልፋቸው አልለቀቃቸውም፣ ሬዲዮ ቀንስልኝ ይላሉ፣ ሳሪስ እስክንደርስ ተኝተው ሚሄዱ አሉ። መንገዱ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ ማለት ለነሱ በየቀኑ ነው፣ እኔ ለነሱ ያለኝ ክብር ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ላይ ሙዚቃም ወሬም የለም፣ በፀጥታ ነው ምንነዳው።

በወር በ23 ደግሞ የጊዮርጊስ ለት ገላን ጉራ ሚኖሩ እናት አሉ። የፒያሳ ሰው ናቸው፣ ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ሰፈሩ ተነስቶ እነሱም ወደዛ ገቡ፣ ማህበራቸው ግን አሁንም አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ሶስት ሆነው ነው ሚሄዱት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ የደወሉት በአጭር ቁጥሩ ነው፣ አሁን ከበፊቱ ማታ ለኔ ደውለው "ልጄ፣ ነገ ጊዮርጊስ ነው አትርሳን" ይሉኛል፣ እኔም "እማማ እንዴት እረሳዎታለሁ" እላለሁ፣ ስደርስ በኦፕሬተር አስመዝግበን ነው ምንሄደው። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና ከቸርችል ጎዳና ጀምሮ እየጠቆሙ ይነግሩኛል፣ እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር፣ እዚህ ጋ የኔ እናት ጠጅ ትሸጥ ነበር፣ እዚህ ጋ ልጄን ትምህርት ቤት አደርስ ነበር። መንገዱ ሰፍቶ መብራቱ አምሮ "ከተማው አምሮበታል" ይላሉ፣ ቀጥለው ደግሞ "እኔ ግን ጠፋብኝ" ይላሉ፣ ሁለቱንም ከልባቸው ነው ሚሉት። ሲመለሱ በወረቀት የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይሰጡኛል፣ አይ እማማ ብል አይሰሙም፣ "የጊዮርጊስ ነው አይመለስም"። ይሄ ትሪፕ በኪሎ ሜትር ካያችሁት ረጅም ነው፣ ብሩም ጥሩ ነው፣ ግን በነፃም ቢሆን እሄድ ነበር ብዬ ብናገር እውነቴን ነው።

አንድ ለት ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጥሪ መጣ፣ እዛው ኮዬ ውስጥ ስለነበር ቶሎ ደረስኩ፣ ምጥ ነው። ባልየው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሱ እናት ፊት ወንበር ገብተው "ማርያም ማርያም" እያሉ፣ ሚስቱ ከኋላ። ባልየው "ፍጠን ፍጠን" ይለኛል፣ እሷ ደግሞ ጉድጓዱ ባነቃነቀን ቁጥር "ቀስ በልልኝ ወንድሜ"። እኔ የሰማሁት እሷን ነው። ፒስታውን በአንደኛ ማርሽ ጨረስነው፣ አስፓልት ስንወጣ ነው የነዳሁት፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ በር ላይ ጥበቃው ወንበር ይዞ ሮጠ። በአምቡላንስ ቁጥር ብዙ ደውለው መስመሩ አልያዘ ብሏቸው ነበር። ባልየው ከሁለት ቀን በኋላ ደውሎ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ደህና ናቸው አለኝ፣ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ጮክ ብዬ እልል ብያለሁ። ዳር ሰፈር ማታ ስልኩን ኦን አድርጎ ሚተኛ አንድ ሹፌር መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ለት ነው።

ከኤርፖርት የጫንኳት ልጅም አለች፣ ከቤሩት የመጣች፣ ሻንጣዎቿ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ። ስትሄድ ቤተሰቦቿ ሽሮ ሜዳ ነበሩ፣ እሷ እዛ እያለች ነው ኮዬ የገቡት፣ ቤቱን በቪዲዮ ብቻ ነው ያየችው። ብሎኩን ልነግርህ አልችልም አለችኝ፣ እናቷ ስልክ ላይ ናቸው ግን እያለቀሱ ስለሆነ ምንም አይሰማም፣ በመጨረሻ ታናሽ ወንድሟ ተቀብሎ የብሎኩን ቁጥር ነገረኝ፣ ደብተሬ ላይ ነበረ። ስንታጠፍ እናትየው ግቢው መሃል ቆመዋል፣ መኪናዋ ሳትቆም ነው በሩን የከፈተችው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሂሳቡን ወንድምየው በቴሌብር ከፈለኝ፣ ሻንጣዎቹን ሶስት ሆነን አራተኛ ፎቅ አወጣናቸው፣ ቡና ሳልጠጣ አለቀቁኝም፣ እኔም መሄድ አልፈለግኩም።

ሁሉም እንደዚህ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ ሚሳፈር አለ፣ አብዛኛው ተኝቶ ነው ሚደርሰው፣ አንዳንዱ ግን ሲደርስ ብሩ በዛ ብሎ ይጀምራል፣ እኔ መልሴ አንድ ነው፣ ስክሪኑን አዙሬ አሳየዋለሁ ድምፄን አላነሳም። በቴሌብር ልኬልሃለሁ ብሎ ስክሪኑን አሳይቶ ሚወርድም አለ፣ የሱን ስክሪን አትመኑ፣ የራሳችሁ ስልክ ላይ ሜሴጅ እስኪገባ ወይ ባላንሳችሁን አይታችሁ እስክታረጋግጡ በጨዋነት ጠብቁ፣ ጨዋ ተሳፋሪ በዚህ አይቀየምም። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ዶሮ ይመጣል፣ በግም ይመጣል፣ ኋላ ኮፈኑ ላይ ላስቲክ አንጥፌ እቀበላለሁ፣ የበዓል በግ ይዞ ሚኒባስ ላይ ማን ይጭነዋል።

ደህንነት ላይ ግን ቀልድ የለም። የራይድ ሹፌር ተጠልፎ መኪናው ተወሰደ ሚል ዜና ሁላችንም ሰምተናል፣ ብዙው ማታ፣ ብዙው ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው። እኔ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ በአፑ ወይ በኦፕሬተር ያልተመዘገበ ሰው አልጭንም፣ መንገድ ላይ እጅ ቢያሳይም። መድረሻውን መሃል መንገድ ላይ ወደ ጭር ያለ ቦታ ሚቀይር ካለ መብራት ያለበት ነዳጅ ማደያ ጋ ቆሜ ነው ምነጋገረው። ግሩፓችን ላይ ሎኬሽን ሼር አደርጋለሁ። ለተሳፋሪዋም እንደዛው ነው፣ ማታ ብቻዋን የሆነች ሴት ከተሳፈረች ታርጋዬን ለቤተሰብ እንድትልክ እኔው ነኝ ምነግራት፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጋ ደርሳ መብራት እስኪበራ መብራቴን አላጠፋም።

የድርጅቱ ሰርቪስ ለተሳፋሪ ጥሩ ነው፣ ኦፕሬተሮቹ ትሁት ናቸው፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሚያናግሩ አሉ፣ ለኛ ሰፈር ይሄ ወሳኝ ነው። ለሹፌር ግን ሲደወል አይነሳም። አንዴ ኔትወርክ ተቆራርጦ ጂፒኤሱ ግማሹን መንገድ ሳይቆጥር ቀረ፣ ሂሳቡ ከሚገባው በጣም ያነሰ መጣ፣ ደጋግሜ ደውዬ መስመሩ ተይዟል፣ ቢሮ ድረስ ሄጄ ወረቀት ሞልቼ ነው ልዩነቱን የመለሱልኝ፣ ለዛች ብር ያባከንኩት ግማሽ ቀን ነው። መመለሳቸው ጥሩ ነው፣ ግን ኮዬ ሚኖር ሹፌር ለእንደዚህ አይነት ነገር መሃል ከተማ ድረስ መሄድ የለበትም፣ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ቢያስቀምጡ ይበቃል። ነዳጅ ወረፋ ላይ የድርጅቱ ጥፋት ስላልሆነ እዚህ አላነሳውም፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታችሁ መሰለፍ ግን የስራው አካል እንደሆነ እወቁ።

ማን ይጀምር? መኪናው የራሱ የሆነ ወይ በገቢ ላይ ከማያስጨንቅ ሰው የያዘ፣ ሰፈሩን በደንብ ሚያውቅ፣ ከሰው ጋ ማውራት ማይከብደው ሰው ይጀምር፣ ያዋጣዋል። በባንክ ብድር መኪና ገዝቶ ሙሉ ክፍያውን ከዚህ ለማውጣት ያሰበ ሰው ካለ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ወር የሰው መኪና ይዞ ይሞክረው፣ ክረምትን ጨምሮ።

ተሳፋሪዎች ካላችሁ ደግሞ ስትጠሩ የብሎክ ቁጥራችሁንና በየትኛው መታጠፊያ መኪና እንደሚገባ አብራችሁ ተናገሩ፣ የብሎኩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ተፅፏል፣ ለአዲስ ተከራይም አሳዩ፣ ለአረጋውያን ደግሞ በወረቀት ፅፋችሁ ስልካቸው ጀርባ ላይ ለጥፉላቸው። የመድረሻ ክፍያውን፣ የብሎክ ካርታውንና የቃሊቲውን ቢሮ ጉዳይ እኔና ግሩፑ ላይ ያሉ ሹፌሮች ፈርመን ለድርጅቱ በፅሁፍ አስገብተናል፣ መልስ ሲሰጡን ኮከቡንም ሪቪውንም አስተካክዬ እዚሁ እጨምራለሁ።